ስለ ሞተር አተነፋፈስና ስለ ሁለቱ ምስክሮቹ



በዘንድሮው መጽሔታችን ልጽፍላችሁ ያሰብሁት ስለ አንድ አውቶሞቢል ሞተር ነው። ነገሩ የመካኒክ ሥራ ብቻ መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር እስከ መጨረሻው እንዲያነብልኝ እለምናለሁ፤ በፊዚክስና በኬሚስትሪ ክፍል የተማርነው ትምህርት በውስጡ ሞልቶበታልና። ከዚህም ሌላ የእኔ ጥፋት አለበት። ጥፋቴን ሳልደብቅ የምጽፈውም አባቴ የከፈሉትን ዋጋ የሌላ ተማሪ አባት እንዳይከፍል ብዬ ነው።

መኪናችን

የምንኖረው በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ በአየር ጤና አካባቢ ነው። አባቴ በአንዲት አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ የሰፈሩን ልጆች በወር ኮንትራት ወደ ትምህርት ቤት ያመላልሳሉ። ይህችን ዓይነት መኪና የአዲስ አበባ ሰው «ዲኤክስ» እያለ ይጠራታል። ዕድሜዋ ከእኔ ዕድሜ እጥፍ ይበልጣል። ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ፣ ያለችውን ጠብቆ መያዝ የብዙ ቤተሰብ ጉዳይ ሆኗል፤ የእኛም ቤት እንጀራ የሚወጣው ከእርስዋ ነው።

የመጀመሪያው ሞተርዋ ባለ ካርቡራቶር ነበረ። እርጅና ተጭኖት ዘይት መጠጣት ሲጀምር፣ እዚሁ ኮልፌ ትንሽ ጋራዥ ያላቸው አጎቴ አንድ ሌላ ሞተር ፈልገው ገጠሙላት። ይኸውም ከአውሮፓ ከመጣችና ከተጋጨች ያሪስ፣ እኛ ቪትዝ ከምንላት መኪና የወጣ 1300 ሲሲ ሞተር ነው። ከነኮምፒዩተሩና ከነሽቦው ተገዛ፤ ቁጥሩም በሚመለከተው መሥሪያ ቤት ተመዘገበ። ይህ ሞተር ካርቡራቶር የለውም። ቤንዚኑን ኢንጀክተር በሚባሉ ትንንሽ ቧንቧዎች ይረጫል፤ ምን ያህል እንደሚረጭ የሚወስነውም ኮምፒዩተሩ ነው። ለሦስት ወር ያህል መኪናችን እንደ አዲስ ሆና ሠራች። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ እርሱን ከማውጋቴ በፊት ግን ሞተር እንዴት እንደሚተነፍስ ማስረዳት ይኖርብኛል።

ሞተር የሚተነፍሰው አየር

እናቶቻችን ሊጥ ሲያቦኩ ውሃው ቢበዛ ይቀጥናል፤ ቢያንስ ይደርቃል። ሞተርም እንዲሁ ልክ አለው። 1 ግራም ቤንዚን ተሟልቶ እንዲቃጠል 14.7 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ቤንዚኑ ከዚህ ልክ ቢበዛ የተረፈው ሳይቃጠል ይወጣል፤ ካንዴላውን ጥላሸት ያለብሰዋል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን መርዘኛ አየር ያበዛል፤ ኪስንም ያራቁታል። ቤንዚኑ ቢያንስ ደግሞ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፤ ጭነት ሲበዛበትም ይግላል፣ ውስጥ ውስጡንም እንደ መዶሻ ይቀጠቅጣል። ይህ መቀጥቀጥ ቢቆይ ፒስቶንን እስከ መብሳት ይደርሳል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ልኩ የሚነገረው በግራም ነው፤ ሞተር አየር የሚስበው ግን በሊትር ነው። አንድ ሊትር አየር ስንት ግራም እንደሚመዝን ደግሞ ቦታው ይወስነዋል። በባሕር ወለል ላይ፣ ለምሳሌ በጅቡቲ፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። የእኛ ከተማ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለ ሆነች ያው ሜትር ኩብ 0.9 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ በኮልፌ የሚሠራ ሞተር በባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው አየር ሩቡን ያህል አያገኝም ማለት ነው። ስለዚህም ነው ወደ አዳማ የወረደ ሾፌር መኪናው ጉልበት እንደ ጨመረችለት የሚነግረን፤ አዳማ ከእኛ 700 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለችና።

በቁጥር እናስላው። ባለ 1300 ሲሲ ሞተር በሁለት ዙር 1.3 ሊትር አየር ይስባል። በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር 1500 ጊዜ ሳበ ማለት ነው፤ ይህም በደቂቃ 1950 ሊትር፣ በሴኮንድ 32.5 ሊትር ይሆናል። ሙሉ በሙሉ ቢሞላ በባሕር ዳርቻ 39 ግራም፣ በእኛ ሰፈር ግን ከ29 እስከ 30 ግራም አየር በሴኮንድ ገባ ማለት ነው። በ14.7 ብናካፍለው የመጀመሪያው 2.65 ግራም፣ ሁለተኛው 2 ግራም ያህል ቤንዚን ይፈልጋል።

አሮጌው ካርቡራቶር ይህን ልዩነት አያውቅም፤ አየሩን አይመዝንምና። አየሩ በሩብ ሲሳሳ እርሱ የሚያፈሰው ቤንዚን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ በሒሳብ ሲታይ ድብልቁ ወደ 15 በመቶ ያህል ቤንዚን ይበዛበታል። የከተማችን የቀድሞ መካኒኮች የካርቡራቶሩን የቤንዚን ቀዳዳ በጠባብ ይለውጡ የነበረው ለዚህ ነው። አዲሱ ዓይነት ሞተር ግን ሁለት ምስክሮች አሉት፤ በጋራዥ ቋንቋ ሴንሰር ይባላሉ።

የመጀመሪያው ምስክር፤ አየር መዛኙ

ይህ ሴንሰር ከአየር ማጣሪያው ቀጥሎ ባለው ቱቦ ላይ ይሰካል። በውስጡ ከፕላቲኒየም የተሠራ እጅግ ቀጭን ሽቦ አለ። ሽቦው በኤሌክትሪክ ይግላል፤ የሚያልፈው አየር ደግሞ ያቀዘቅዘዋል። ትኩስ ሻይ ስንጠጣ እፍ እንደምንለው ነው፤ አጥብቀን እፍ ስንል ቶሎ ይበርዳል። ሽቦው ሙቀቱን እንዳይለቅ ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ይሰጠዋል፤ ኮምፒዩተሩም ከኤሌክትሪኩ መጠን በሴኮንድ ስንት ግራም አየር እንዳለፈ ያውቃል። ሳስቶ የመጣ አየር ሽቦውን እምብዛም አያቀዘቅዘውም፤ ስለ ሆነም የኮልፌን ከፍታና የአዳማን ዝቅታ ማንም ሳይነግረው ራሱ ለይቶ ይመሰክራል።

ነገር ግን አንድ ደካማ ጎን አለው። ሽቦው የሚቀምሰው በቱቦው መካከል የሚያልፈውን ጥቂት አየር ብቻ ነው። ከጥቂቱ ተነሥቶ ጠቅላላውን የሚገምተው ኮምፒዩተሩ ነው፤ ግምቱም ፋብሪካው ባወቀው የቱቦ ስፋት ላይ የተመሠረተ ነው። ቱቦው ቢለወጥ ሴንሰሩ ሳይበላሽ ምስክርነቱ ሐሰት ይሆናል። ይህን ቃል በልባችሁ ያዙልኝ።

ሁለተኛው ምስክር፤ ጭስ መርማሪው

ሁለተኛው ሴንሰር በጭስ ማውጫው ቱቦ ላይ በቡሎን መልክ ተጠምዝዞ ይገባል። ሥራውም ከቃጠሎ የተረፈ ኦክስጅን መኖር አለመኖሩን መናገር ነው። ውስጡ ዚርኮኒየም ኦክሳይድ የተባለ ሸክላ መሰል ነገር ነው። አንዱ ፊቱ ጭሱን ይነካል፤ ሌላው ፊቱ የውጭውን አየር ይነካል። በሁለቱ ወገን ያለው ኦክስጅን ሲለያይ ከ300 ዲግሪ በላይ የጋለው ሸክላ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ይህ የሚሆነው ጀርመናዊው ኬሚስት ዋልተር ኔርንስት በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ባወጣው ሕግ መሠረት ነው። ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ሠርቶት በቮልቮ መኪና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው።

ቤንዚን በበዛበት ጭስ ውስጥ ኦክስጅን ስለማይተርፍ ሴንሰሩ ወደ 0.9 ቮልት ያሳያል። ቤንዚን ባነሰበት ጭስ ግን ኦክስጅን ስለሚተርፍ ወደ 0.1 ቮልት ይወርዳል። 0.45 ቮልት የሁለቱ ድንበር ነው። ደህና በሆነ ሞተር ላይ ንባቡ በአንድ ቦታ አይቆምም፤ ኮምፒዩተሩ ጥቂት እየጨመረ ጥቂት እየቀነሰ ልኩን ስለሚፈልግ ከድንበሩ በላይና በታች ይመላለሳል።

እንግዲህ የሁለቱ ሥራ እንዲህ ነው። አየር መዛኙ ከቃጠሎ በፊት «ይህን ያህል አየር ገብቷል» ይላል፤ ኮምፒዩተሩም ቤንዚኑን ይሰፍራል። ጭስ መርማሪው ከቃጠሎ በኋላ «ቤንዚን አንሶ ነበር» ወይም «በዝቶ ነበር» ይላል፤ ኮምፒዩተሩም ይታረማል። የታረመበትን ልክ በመቶኛ መዝግቦ ይይዛል፤ እኔ የማረሚያ ቁጥር እለዋለሁ። በደኅና ሞተር ይህ ቁጥር ከ10 በመቶ ብዙም አያልፍም። ነዳጅ መስጫው ሙሉ በሙሉ ሲረገጥ ግን ኮምፒዩተሩ ጭስ መርማሪውን ለጊዜው ትቶ አየር መዛኙ በሚለውና አስቀድሞ ባጠራቀመው ማረሚያ ብቻ ይሠራል።

የእኔ ጥፋት

አሁን ወደ ራሴ ታሪክ ልመለስ። የውድድር መኪናዎችን ሥዕል እየተመለከትሁ፣ «ሞተር ብዙ አየር ቢያገኝ ብዙ ጉልበት ይሰጣል» የሚል ሐሳብ በአእምሮዬ ገባ። ሐሳቡ በራሱ ስሕተት አልነበረም። አባቴን ለሁለት ሳምንት ያህል ወተወትኋቸው። በመጨረሻ እሺ አሉኝ፤ ፋብሪካው የሠራውን የማጣሪያ ሣጥን አስወጥተን በመርካቶ ከላሜራ ያሠራነውን ሰፊ ቱቦና ክፍት ማጣሪያ አስገባን። ሴንሰሩን በሰፊው ቱቦ ላይ በተበሳ ቀዳዳ ሰካነው። የፊተኛው ቱቦ ውስጡ 6 ሳንቲ ሜትር ሲሆን የእኔው 6.5 ሳንቲ ሜትር ነበረ። ግማሽ ሳንቲ ሜትር ምን ያደርጋል ብዬ ነበር። ሞተሩ ሲነሣ ደስ የሚል ድምፅ አሰማ፤ እኔም በሰፈሩ ልጆች ፊት ኮራሁ።

በማግሥቱ ዳገት ላይ መንገጫገጭ ጀመረች። አንድ የሠፈር መካኒክ ቢጠየቅ፣ «አየሩ ከተከፈተ ጭሱም ይከፈትላት» ብሎ የጭስ ማጣሪያውን፣ ካታሊስት የሚሉትን፣ ነቅሎ በቀጥታ ቱቦ ለወጠው። ችግሩም ተደረበ። ከሰባት ቀን በኋላ የሞተሩ መብራት በራ፤ ቤንዚን የምትጠጣው በረከተ፤ ጠዋት ልጆቹን ለመጫን በየበሩ ስትቆም ጭስዋ ዓይን ያቃጥላል። አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ አፍንጫዋን በሹራብዋ ሸፍና ስትገባ አይቼ አፈርሁ።

መካኒኩ ሁለቱም ሴንሰሮች እንዲለወጡ አዘዘ። አባቴ ለቤት ኪራይ ያሰቡትን የዕቁብ ገንዘብ አውጥተው ገዙ። ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም። መብራቱ በበራ ቁጥር የባትሪው ሽቦ እየተነቀለ ይጠፋል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ተመልሶ ይበራል። የዓመቱ የቦሎ ምርመራ ቀርቧል። ከልጆቹ ወላጆች ሁለቱ ሌላ መኪና መፈለግ ጀመሩ። አንድ ማታ አባቴ ለእናቴ፣ «ከዚህ በላይ ከምትበላን ብንሸጣት ይሻላል» ሲሉ ሰማሁ። በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ጥፋቱ ከየት እንደ ጀመረ ከማንም ይልቅ የማውቀው እኔ ነበርሁና።

ሐሰቱ እንዴት ተገለጠ

በማግሥቱ ነገሩን ለፊዚክስ መምህራችን ነገርኋቸው። እርሳቸውም፣ «ልጄ፣ መኪና መጠገን አላውቅም፤ ነገር ግን ሁለት መሣሪያዎች የሚሉት ካልተስማማ፣ መሣሪያዎቹን ከመለወጥህ በፊት ምን እያዩ እንደ ሆነ ጠይቅ። የሚሉትንም ሁሉ በደብተርህ ጻፍ» አሉኝ።

አጎቴ በስልክ የሚነበብ አንዲት ትንሽ መሣሪያ አሉዋቸው፤ በመሪው ሥር ካለው ኦቢዲ ከሚባለው መሰኪያ ትገባለች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አባቴ እየነዱ፣ አጎቴ እያዘዙ፣ እኔ እየጻፍሁ ሦስት ዓይነት ንባብ ወሰድን። የመጀመሪያው መኪናው ቆሞ ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለት ያለ ጭነት ቀስ ብሎ ሲዞር ነው፤ ማረሚያው 38 በመቶ ጭማሪ ያሳያል። ሁለተኛው በደቂቃ 2500 ዙር በደልዳላ መንገድ ላይ ነው፤ ማረሚያው ወደ 21 በመቶ ይወርዳል። ሦስተኛው በዳገት፣ ነዳጅ መስጫው ሙሉ በሙሉ ተረግጦ በ3000 ዙር ነው፤ አየር መዛኙ በሴኮንድ 22 ግራም ይላል።

ማታ ደብተሬን ዘርግቼ ማስላት ያዝሁ። ከላይ እንዳያችሁት ሞተሩ በኮልፌ አየር ሙሉ በሙሉ ቢሞላ 30 ግራም ሊደርስ ነው። እንዲህ ያለ ሞተር በተግባር ከ85 እስከ 90 በመቶ ያህል ቢሞላ ወደ 26 ግራም ይሆናል እንጂ 22 አይሆንም። አራቱ ግራም የት ጠፋ? የክብ ስፋት በዲያሜትሩ ካሬ እንደሚያድግ በሒሳብ ክፍል ተምረናል። የ6 ካሬ 36 ነው፤ የ6.5 ካሬ 42.25 ነው። 42.25 ለ36 ሲካፈል 1.17 ይሆናል። እነሆ፣ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ናት ብዬ የናቅኋት ልዩነት ሴንሰሩ ከሚያነበው 17 በመቶ የሚያህል አየር ሰውራበታለች። 22 በ1.17 ሲባዛ ደግሞ 25.7 ይሆናል። ሒሳቡ ሲገጥም ደስም አለኝ፣ አፈርሁም።

ይህ ግን ሁሉንም አልገለጠም። የቱቦው ስሕተት በሁሉም ፍጥነት ተቀራራቢ መሆን ሲገባው፣ በሚኒሞ ጊዜ ማረሚያው ወደ 38 የወጣው ስለ ምንድን ነው? ደግሞም ካንዴላዎቹን ፈትተን ብናይ በደረቅ ጥላሸት ጠቁረዋል፤ ቤንዚን በዝቷል ማለት ነው። ጭስ መርማሪው ግን በ0.1 ቮልት አጠገብ ተተክሎ «ቤንዚን አንሷል» ይላል። ካንዴላውና ሴንሰሩ ተጣሉ። ሴንሰሩ አዲስ ስለ ሆነ ብልሽት አለው ለማለት ያስቸግራል። «እንግዲያስ ምን እያየ ነው?» የሚለው የመምህሬ ጥያቄ ትዝ አለኝ።

አጎቴ ወዲያው ገባቸው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ከሠፈራችን ጎሚስታ የጎማ መንፊያውን ተውሰን በጭስ ማውጫው ጫፍ በኩል ቀስ ብለን አየር ነፋንበት፤ በየመጋጠሚያው ላይ የሳሙና ውሃ ቀባን። ከሴንሰሩ በፊት፣ ቀጥታው ቱቦ ከሞተሩ ጋር በተጋጠመበት ቦታ፣ አረፋው ኩፍ ኩፍ አለ። ጓርኒሲዮኑ በደንብ ያልተቀመጠ ነበር። ጭስ ከሞተር የሚወጣው በአንድ ወጥ ፍሰት ሳይሆን ትር ትር እያለ ነው፤ በሁለት ትርታ መካከል በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር በታች ሊወርድ ይችላል። ያን ጊዜ በቀዳዳው የውጭ አየር ይገባል። ሴንሰሩም ያንን ኦክስጅን አይቶ ያየውን ይመሰክራል። ኮምፒዩተሩ አምኖት ቤንዚን ይጨምራል፤ የጨመረው ቤንዚን ግን በቀዳዳው የሚገባውን አየር አያስቀረውምና እስከሚችለው ድረስ ይጨምራል። ሞተሩ ሲፈጥን የጭሱ ግፊት ስለሚበረታ በቀዳዳው የሚገባው ይቀንሳል፤ በ2500 ዙር ማረሚያው የወረደው በዚህ ምክንያት ነው።

የመኪናችን ጠባይ በዚህ ተፈታ። ባትሪው በተነቀለ ማግሥት ኮምፒዩተሩ ያጠራቀመውን ማረሚያ ስለሚረሳ፣ ዳገት ላይ የጎደለውን የአየር መዛኝ ቃል ብቻ አምኖ ቤንዚን ያሳንስባታል፤ ትራባለች፣ ትቀጠቅጣለች። ስትሰነብት ደግሞ በቆመችበት የጭስ መርማሪውን ቃል ሰምቶ ያለ ልክ ያጠግባታል። አንዱ ስሕተት የእኔ ነበር፤ ሁለተኛው ስሕተት የእኔን ሊያቃና መጥቶ የተደረበ ነው። ዕቁቡ የወጣባቸው ሁለቱ አሮጌ ሴንሰሮች ጤነኞች ነበሩ።

እሑድ ምሳ ላይ ለአባቴ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ደብተሩንም አሳየኋቸው። ለረዥም ጊዜ ዝም ብለው ቁጥሮቹን አዩ። ከዚያም፣ «በል፣ ያፈረስኸውን አንተው ከአጎትህ ጋር ሥራው» አሉኝ። ከዚህ የከፋ ቁጣ ጠብቄ ነበር።

እንዴት እንደ ተስተካከለ

ከሰኞ ጀምሮ ከትምህርት ቤት መልስ እየሄድሁ በአራት ቀን ጨረስን። አየር መዛኙ ወደ ፋብሪካው ሣጥንና ወደ 6 ሳንቲ ሜትሩ ቱቦ ተመለሰ። ካታሊስቱ በአጎቴ ጋራዥ ጥግ ተቀምጦ ስለ ተገኘ በቦታው ገባ። መጋጠሚያው ተሞርዶ ደልድሎ አዲስ ጓርኒሲዮን ተደረገበት፤ ቡሎኖቹም እኩል ጠበቁ። የሳሙናውን ፈተና ደገምነው፤ አረፋ አልታየም። ከዚያ በኋላ ብቻ የባትሪውን ሽቦ ነቅለን አሮጌውን ማረሚያ አስረሳነው።

ከአምስት ቀን በኋላ ያንኑ ንባብ ወሰድሁ። በሚኒሞ 4 በመቶ፣ በመንገድ 3 በመቶ፣ በዳገቱ ላይ 26 ግራም። ጭስ መርማሪው ከ0.45 በላይና በታች ይመላለሳል። በሳምንት 45 ሊትር የምትጠጣው መኪና ወደ 33 ሊትር ወረደች። ቦሎዋንም አገኘች።

ሞተሩን ማሻሻል ለሚፈልጉ

ይህን አንብቦ «እንግዲያው ሰፊ ማጣሪያ ክልክል ነው ወይ?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ክልክል አይደለም፤ ሰፊ ቱቦ ያስገባ ሰው ግን የኮምፒዩተሩን ሰንጠረዥ አብሮ ማረም አለበት። በኮምፒዩተሩ ውስጥ ከአየር መዛኙ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ወደ ግራም የሚለውጥ ሰንጠረዥ አለ። ባለሙያው በየመጠኑ ማረሚያውን ያነባል፤ ለምሳሌ 20 ግራም በሚለው ረድፍ ላይ ማረሚያው 17 በመቶ ከሆነ ቁጥሩን ወደ 23.4 ያሳድገዋል። እንዲህ እያለ ከሚኒሞ እስከ ሙሉ ጭነት ያሉትን ረድፎች ያርማል፤ ማረሚያው ወደ ዜሮ ሲጠጋ ሥራው ተፈጸመ። ለሙሉ ጭነት ግን ተራው ጭስ መርማሪ አይበቃም፤ እርሱ «በዛ» ወይም «አነሰ» ከማለት በቀር በስንት እንደ ሆነ አይናገርም። ስለዚህ የድብልቁን ልክ በቁጥር የሚያሳይ ሰፊ ንባብ ያለው ሴንሰር ለፈተናው ጊዜ ይገጠማል። የእኛ ኮምፒዩተር ሰንጠረዡ እንዲጻፍበት ተደርጎ የተሠራ ስላልነበረ ወደ ፊተኛው መመለሱ አማራጭ የሌለው ነበረ።

ከዚህ ሥራ የተማርኋቸውን ጥቂት ጥንቃቄዎች ልጨምር። አየር መዛኙ ከኩርባ አጠገብ ከተሰካ አየሩ እየተሽከረከረ ስለሚደርሰው ንባቡ ይዋዥቃል፤ ቀጥ ያለ ቱቦ ያስፈልገዋል። በላዩ ያለው ቀስትም ወደ ሞተሩ ማመልከት አለበት። ሽቦው በጣት ወይም በጨርቅ አይነካም፤ አቧራ ወይም የማጣሪያ ዘይት ከያዘው ለእርሱ ተብሎ በተሠራ ማጽጃ ተረጭቶ ይደርቃል። ጭስ መርማሪው ውሃ እንዳይተኛበት ከአግድም ጥቂት ቀና ብሎ ይገጠማል፤ የጋለ ሸክላ ውሃ ሲነካው ይሰነጠቃልና። በበጋ የኮልፌ አቧራ የአየር ማጣሪያውን ቶሎ ስለሚደፍነው ማጣሪያውን ቶሎ ቶሎ ማየት ይገባል። ከሁሉ በላይ ግን ሞተር በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አስነሥቶ መፈተን ሕይወት ያስከፍላል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። የመንገዱ ንባብ ሲወሰድም የሚነዳው አንድ ሰው፣ የሚጽፈው ሌላ ሰው ይሁን።

ወላጆችም ጋራዥ ስትሄዱ «ሴንሰሩ ተበላሽቷል» ስትባሉ፣ «ቱቦው አየር አያስገባም ወይ? መጋጠሚያው ተፈትኗል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሳሙና ውሃ ከአዲስ ሴንሰር ይረክሳል።

ያን የላሜራ ቱቦ አልጣልሁትም። በክፍሌ ከጠረጴዛዬ በላይ ሰቅየዋለሁ፤ በላዩም በቀለም «6.5» ብዬ ጽፌበታለሁ። አባቴ አንዳንድ ጊዜ ሲገቡ ያዩትና ምንም ሳይሉ ፈገግ ይላሉ። ልጆቹን ለመጫን ጠዋት ሲነሡም አሁን አንድ ልማድ አላቸው፤ ሞተሩን አስነሥተው ወደ ጭስ ማውጫው ይሄዱና መዳፋቸውን ዘርግተው ቆም ይላሉ። ያቺ የስድስት ዓመት ልጅም አፍንጫዋን ሳትሸፍን ትገባለች።